ራሊ ያስቆመው ፎቶ አንሺ

ጴጥሮስ ፎቶ ማረፉን የነገረኝ የእድራችን ጸሐፊ ነው። «ጋሽ በቀለ፣ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ በስልክ።

«በጴጥሮስ ሰዓት ነው በሰው ሰዓት?» አልኩት።

«አይዞዎት» አለኝ ልጁ። ሐዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መስሎት ይሆናል። ጴጥሮስን የሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄዬ ይገባዋል። ይህ ሰው ለሠርግ ተጠርቶ ለመልሱ የሚደርስ፣ ለልደት ተጠርቶ ኬኩ ካለቀ በኋላ ፍርፋሪውን «እስቲ ሰብሰብ አድርጉት» የሚል ሰው ነበር። በማግስቱ ግን ሳጥኑ በሰዓቱ ደረሰ። በዕድሜው አንድ ቀን በሰዓቱ ቢደርስ፣ ሌላ ሰው ተሸክሞት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ሰማሁ። ቤተሰቡ ጴንጤዎች ስለሆኑ መዝሙር ተዘመረ፤ እሱ ደህና ነው፣ ዜማው ጥሩ ነበር። ከዚያ ሰው እየተነሳ ስለ ሟች ይናገር ጀመር። «ታላቅ የጥበብ ሰው ነበር» አለ አንዱ። «እንደሱ ያለ ትዕግሥተኛ አይቼ አላውቅም» አለ ሌላው። ይሄ ሁለተኛው፣ በሕይወት እያለ «ሽማግሌው ጉርድ ፎቶዬን አበላሸው» ብሎ ሰፈር ለሰፈር ሲከሰው የነበረ ሰው ነው። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ግማሹን ረስቼዋለሁ። ግን የተማረው ሁሉ ተነስቶ ስለ ጴጥሮስ ያልሆነውን ካወራ፣ የሆነውን እኔ ብጽፈው ምን ይለኛል?

ፎቶ ቤቱ ጎፋ፣ ወደ ገበያው ሲወረድ መታጠፊያው ላይ ነበር። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ በርጩማ፣ ፏፏቴ የተሳለበት አንድ መጋረጃ፣ አንድ ማበጠሪያ በክር የታሰረ። ማበጠሪያውን ያሰረው፣ ሰው እንዳይሰርቀው ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ማበጠሪያ ማን እንደሚሰርቅ እግዜር ይወቅ። በመንገድ በኩል ትልቅ መስታወት ነበረው። ምርጥ ያላቸውን ፎቶዎች እዚያ ይሰቅላል። እኔ ደግሞ ላዳ ታክሲ እነዳ ነበርና ተሳፋሪ የምጠብቀው እሱ በር ላይ ነበር። የተዋወቅነውም በጠብ ነው። «መኪናህ መስታወቴን ጋረደው» ብሎ ወጣ። «መስታወትህ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቢጋረዱ ይሻላቸዋል» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ጓደኛዬ ነበር።

ፎቶ ሲያነሳ ሕግ ነበረው። «ቀና በል። አገጭህን ሳብ። አትተንፍስ።» በአመልካች ጣቱ አገጭህን ከሥር ገፋ ያደርግና ወደ ካሜራው ይመለሳል። ከዚያ አንተ ትንፋሽህን ይዘህ እያለህ እሱ መብራት ያስተካክላል፣ መጋረጃ ይጎትታል፣ በር ላይ የሚያልፍ ሰው ሰላም ይላል። ዓይንህ ሊወጣ ሲደርስ ነው የሚያነሳህ። በዚህ ምክንያት ከጎፋ እስከ መካኒሳ ያለው ሰው ሁሉ መታወቂያው ላይ ሊሰምጥ የደረሰ ይመስላል። አንድ ጊዜ የላፍቶ ገበሬ የነበሩ ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መሬታቸው ላይ ቤት ሲሠራበት በሬያቸውን ሊሸጡ ሆነና «ማስታወሻ ይሁነኝ» ብለው በሬውን ይዘው መጡ። ጴጥሮስ ወጥቶ የበሬውን አገጭ በጣቱ ቀና አደረገ። «አትተንፍስ» አለው። ከፈለጋችሁ አትመኑኝ፤ በሬው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ታክሲዬ ውስጥ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።

«በቄ» ይለኝ ነበር፣ «የሰው ፊት የሚታየው ሲቆም ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ፊት የለውም፤ ጀርባ ብቻ ነው።»

«ከሚስትህ ጋር ስትጣላ ነው ይሄን የተማርከው» እለዋለሁ።

ስልክ መጣና ሁሉም ፎቶ አንሺ ሆነ። ጴጥሮስ ጋ የሚመጣው ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ብቻ ሆነ። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ሙሽሮች ፀሐይ በልቷቸው አረንጓዴ ሆኑ። እሱ ግን በየቀኑ ይከፍታል። እኔም በየቀኑ በሩ ላይ ቆሜ እሰድበዋለሁ።

በዚህ መሃል ነው ራሊው የመጣው።

ለቡ አካባቢ መኪና የሚወዱ ልጆች አሉ። ሥራ አላቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ግን መኪናቸውን ማስጮህ ካልቻሉ ያማቸዋል። ተሰባሰቡና ራሊ አዘጋጁ። ባለሙያ የለበትም፤ ሁሉም በገዛ መኪናው ነው። ከለቡ ተነስተው በአፈሩ መንገድ፣ ገና ቤት ወዳልተሠራበት ሜዳ ወጥተው ዞረው ይመለሳሉ። አንዷ መኪና ከሄደች ትንሽ ቆይቶ ሌላዋ ትለቀቃለች፤ በሰዓት የፈጠነ ያሸንፋል። የጴጥሮስ ልጅ ማርታ ከአዘጋጆቹ አንዱን ታውቀው ኖሮ «አባዬ ፎቶ ያንሳላችሁ» አለቻቸው። ከሥራ እንዳይወጣ ብላ ነው። እነሱም እሺ አሉና እንዳይገጭ የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ሰጡት። ያቺ ሰደርያ ናት ጉድ የሠራችው።

አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ መኪናው። ጴጥሮስ ካሜራውን ዓይኑ ላይ አደረገ፣ አወረደ፣ መልሶ አደረገ፣ አወረደ። ከዚያ ምን ያደርጋል? ወደ መንገዱ መሃል ወጥቶ መዳፉን ዘረጋ።

«ቁም!»

ልጁ ቢጫ ሰደርያ ሲያይ ፊት ለፊት አደጋ የደረሰ መሰለው። ፍሬን ይዞ፣ ተንሸራቶ፣ ጴጥሮስ ጉልበት ሥር ቆመ። «ምን ተፈጠረ ጋሼ? ማን ተጎዳ?»

«ማንም። ያንን የራስ ቆብህን አውልቅና ውጣ። መኪናው ላይ ደገፍ በል። ቀና!»

አሁን እናንተ ልጁ የተሳደበ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ልጁ ወጣ። ሄልሜቱን አወለቀ። ፀጉሩን በጣቱ አበጠረ። መኪናው ላይ ተደግፎ አገጩን ሳበ። እየመራ ነበር እኮ! ሁለተኛው ደረሰ፣ መንገዱ ስለተዘጋ ቆመ፣ «ምንድነው?» ብሎ ወረደ፣ ካሜራ ሲያይ «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔም ልግባ» አለ። ሦስተኛው መጣ። አራተኛው ጓደኛውን ጠርቶ መጣ። ጴጥሮስ ረጅሙን ወደ ኋላ፣ አጭሩን ወደ ፊት እያለ ደረደራቸው። መድረሻው ላይ ሰዓት ይዘው የቆሙት ሰዎች፣ ራሊው የት ገባ ብለው በሞተር ሳይክል ፍለጋ ሲመጡ፣ ራሊው በሁለት ረድፍ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ አገኙት።

ውድድሩ ተሰረዘ። በቦታው ሁሉም ስቋል፤ ሽማግሌ አይደበደብም። ግን አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ጎፋ ላይ ያላየው ሰው አልነበረም። ሊስትሮው፣ ባለሱቁ፣ የማርታ የቤተክርስቲያን ኳየር ሳይቀር አዩት። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፎቶውን ሊወስድ መጣና እየሳቀ፣ «ፋዘር፣ ግን እውነት የሚሮጥ ነገር ማንሳት አይችሉም?» አለው።

እኔ መልሱን ጠበቅኩ። ጴጥሮስ መልስ አጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን መጋረጃውን ማስተካከል ጀመረ። ፏፏቴው ቀጥ ብሎ ነበር የተሰቀለው፤ እሱ ግን ያስተካክላል።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ እንቢ አለው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ ጠብታ ሰጠው፤ ሄዶ ሄዶ መጨለሙ ግን እንደማይቀር ነገረው። ለእኔ የነገረኝ በሩ ላይ ቆመን ነው።

«በቄ፣ ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው። መሃሉ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ምን ጎደለህ ታዲያ? አንተ መቼ ዳር ዳሩን አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። እኛ የምንተዛዘነው እንደዚህ ነው።

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ትቶ፣ «አንድ የሚሮጥ ነገር» አለኝ። «አንድ ብቻ። ሰው ሲያየው ይሮጣል የሚለው። እሱን እዚህ መስታወት ላይ እሰቅላለሁ። ከዚያ ከፈለገ ይጨልም።»

ሞከረ። ዶሮ ሞከረ፤ ፎቶው ላይ ጭራዋ ብቻ ወጣ። ብስክሌት ሞከረ፤ ልጁ ወርዶ ከብስክሌቱ ጎን ቆመለት። ከመካኒሳ የሚመጡትን ሚኒባሶች ሞከረ። እሱ ደግሞ ባሰ። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት ካሜራውን ከሩቅ ሲያይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሾፌሩን ያስቆምና፣ ወርዶ ኮሌታውን አስተካክሎ ይቆማል። ወራጁ እሱ ራሱ ነው። ተሳፋሪው ይጮኻል፣ ጴጥሮስ ደግሞ ልማዱ ነውና «አገጭህን ሳብ» ይለዋል። እሱ እንደዚያ ቢቀጥል ከተማውን በሙሉ አስቁሞ መጨረሻ ላይ ሚኒስትሮቹ መጥተው ይሰለፉ ነበር።

አንድ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጣ። ሚስቴ ወርቄ ሽሮ እየነፋች ነው። እንኳን ደህና መጣህ ሳንለው ጀመረ።

«ገባኝ በቄ! ስህተቴ እኔ ቆሜ እሱ መሮጡ ነው። እኔም ከሮጥኩ፣ ከጎኔ የሚሮጠው ለእኔ የቆመ ነው። ለካሜራው ቆሟል፣ ለሰው ግን ይሮጣል። ልጆቹ የተሰረዘውን ራሊ ሊደግሙት ነው፤ ውስጡ መግባት አለብን። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ አነሳለሁ።»

«በምን?»

በመስኮቱ ወደ ግቢው አሳየኝ። ላዳዬ እዚያ ቆማለች፤ ሰማያዊና ነጭ። ሥራ ካቆምን ወዲህ ወርቄ ጣሪያዋ ላይ በርበሬ ታሰጣለች። ኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮዎች ይፈለፍላሉ።

«አይሆንም» አልኩት። እኔ አይሆንም ካልኩ አይሆንም፤ ይሄን ሰፈሩ ያውቃል። ጴጥሮስ ለመነ፤ አይሆንም። ዓይኑን ጠቀሰ፤ አይሆንም። እሱ ተስፋ ቆርጦ ሲነሳ ወርቄ ወንፊቷን አራገፈችና፣ «ተወው ባክህ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ያቺ መኪና ከዚህ ግቢ መውጣት አትችልም፤ እሱም አይችልም» አለች።

በማግስቱ ዶሮዎቹን አስወጣሁ።

የራሊው ቀን አዘጋጆቹ ሲያዩን የሚስቁበትን አጡ። «ፋዘር፣ ለመዝናናት ነው አይደል?» አለ ያ ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ የነበረው ልጅ። «ለማሸነፍ ነው» አለ ጴጥሮስ፣ ፊቱ ሳይፈታ። እሺ አሉ። ከሁሉም በኋላ እንድንለቀቅ አደረጉን፣ በራችን ላይ ቁጥር ለጠፉልን። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፦ ጴጥሮስ ሰደርያ እንዳይለብስ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው መንገድ ይመራል ተባለ። ቀስት የተሳለበት ወረቀት ሰጡት። እኔ ያንን መንገድ ገጠር ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ግን ሕግ ነው አሉ፤ ይምራ። ገና የመጀመሪያው መገንጠያ ላይ፣ «ቀኝ ነው ግራ?» አልኩት።

«መሃል» አለኝ።

«መሃሉ ቦይ ነው!»

«እኔ የሚታየኝ እሱ ነው።»

በቀኝ ታጠፍኩ። ላዳዋ መጀመሪያ ላይ አኮረፈች፣ ሳለች፣ ከዚያ ነገሩ ገባትና ተንቀሳቀሰች። የዶሮ ላባ ከኋላ እየተነሳ ጆሯችን ሥር ይበራል። ሌሎቹ ሁሉ ከፊታችን ጠፍተዋል፤ አቧራቸው እንኳ ተኝቷል። ጴጥሮስ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያያል፤ የሚያየው ግን ባዶ ሜዳ ነው።

አንድ ኮረብታ ሥር ስንደርስ ዕድል መጣ። ሰላም የምትባል ልጅ፣ ከእኛ በፊት የተለቀቀችው፣ ቪትዝ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ጎማ ትቀይራለች። ጨርሳ ክሪኩን እያወረደች ነበር። ጥሩምባ ነፍቼላት አለፍኩ። ቪትዝ ቀድሜ ሳልፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ የቆመ ቢሆንም ማለፍ ማለፍ ነው።

ጴጥሮስ ወንበሩ ላይ ተነሳ። «አሁን ከኋላ ትመጣለች! ልታልፈን ስትል ከጎኗ ሁን። እኩል። እኩል ብቻ ያዝልኝ!»

«እይዛለሁ። አንተ ግን አፍህን ትዘጋለህ። አንድ ቃል እንዳትናገራት።»

«አልናገርም።»

«ማል።»

«ጴንጤ አይምልም።»

«እንግዲያው ምላስህን ያዝ!»

መጣች። በመስታወቱ አየኋት፤ እንደ ተናደደች ንብ ትበራለች። ሜዳው ሰፊ ነው፣ መንገዱ ጎን ለጎን ይወስዳል። እግሬን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ላዳዋ ከመሪው እስከ ኮፈኑ ትንቀጠቀጣለች፤ በሩ ይንኳኳል። ቪትዟ ከኋላችን ወጥታ ከጴጥሮስ መስኮት እኩል ሆነች። ልጅቷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ መሪውን ጨብጣ፣ ከኋላዋ ባሕር ዛፎቹ እየተገለበጡ ይሄዳሉ። እኔ ፎቶ አላውቅም፣ እሱ ግን ፎቶ ነበር። ጴጥሮስ ካሜራውን አነሳ። እጁ ጸጥ ብሏል። ተሳክቷል አልኩ። በውስጤ «ተመስገን» አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ ቀና በይ!»

ልጅቷ ዞረች። ካሜራ አየች። በቃ። እግሯን ከነዳጁ አነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ አገጯን ሳበች፣ ቆመች። እኔስ? እኔም አብሬያት ቆምኩ! እግሬ በራሱ ነው ፍሬን የያዘው። ሁለት ተወዳዳሪ፣ በሜዳ መሃል፣ ሞተር እያንኳኳን ቀጥ ብለን ቆመናል። ጴጥሮስ አነሳት።

«ዓይንሽን ጨፍነሻል፤ ልድገምሽ።»

ደገማት። እሷም «በቴሌግራም ይላኩልኝ እሺ ጋሼ?» አለችና ጥላን በረረች።

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የልጅ ልጆቼ ያነቡታል። መጨረሻ ላይ ግን፣ «አንድ ቃል እንዳትናገር አላልኩህም?» አልኩት።

«እሱ ቃል አይደለም በቄ። ሥራዬ ነው።» ድምፁ ወርዷል። «ሄደች?»

«ሄደች።»

«ከኋላችንስ?»

«ማን ይኖራል ከኋላችን? መጨረሻ የተለቀቅነው እኛ ነን።»

ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑን ፈልጎ አጣውና በመዳፉ ሸፈነው። ለሚቀጥለው ራሊ ዓይኑ እንደማይጠብቀው እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። እኔ አዛኝ ሰው አይደለሁም። እኔ ሲናደድ እግሩ የሚከብድ ሰው ነኝ።

ነዳጁን ረገጥኩት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ልደርስባት ነው!»

«በላዳ?»

«ዝም በል!»

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ላዳዋ በታክሲነት ዘመኗ ሁሉ ያላወጣችውን ድምፅ አወጣች። ማርሹ እጄ ላይ ይዘላል። ጴጥሮስ ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ በሌላ እጁ በሩን ጨብጧል። ከታች ጠጠር የፈሰሰበት መታጠፊያ አለ፤ አውቀዋለሁ አላልኩም? አውቀዋለሁ። እንደዚያ ፈጥኜ ግን ሄጄበት አላውቅም። መሪውን ሳዞር የፊቱ እሺ አለ፣ የኋላው እንቢ አለ። ዞርን። ሰማዩ በመስኮት አለፈ፣ ኮረብታው አለፈ፣ ሰማዩ መልሶ አለፈ። የመጣንበትን መንገድ ፊት ለፊት እያየን፣ ቂጣችን የእሾህ አጥር ውስጥ ገብቶ ቆምን። በዚያ መሃል አንድ ቦታ ላይ የካሜራው ድምፅ «ቀጭ» አለ።

አቧራው መጥቶ ከደነን። ሁለታችንም ሳልን።

«አለህ?» አልኩት።

«አለሁ። አንተስ?»

«እኔ አለሁ። ወርቄ ስታገኘኝ አልኖርም።»

«በቄ፣ ካሜራው አንስቷል።»

«ምን አነሳ?»

«እንጃ። ለማንም ምንም አላልኩም።» ካሜራውን በጨርቅ ሳይጠርግ አቀበለኝ። ከካሜራው ጀርባ ያለችው ትንሽ መስታወት ላይ ያለውን ማየት ከተወ ሰንብቷል። «እየው። ያለውን ንገረኝ። እንዳታዝንልኝ።»

«መቼ አዝኜልህ አውቃለሁ?»

መነጽሬን ፈልጌ አየሁት።

«መኪና አለበት?»

«የለበትም።»

«ሰውስ?»

«የለበትም።»

«ምን አለ ታዲያ?»

«አቧራ።»

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ዘርግቶ ካሜራውን ሊወስድ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለውና ተወው። «አቧራው ቆሟል?»

መልሼ አየሁት። እኔ ለማንም ብዬ አልዋሽም፤ ለእሱ ደግሞ ጭራሽ። የመስኮቱ ጠርዝ ተንጋዷል። የጎማችን ዱካ እንደ ማጭድ ታጥፏል። አቧራው ከዱካው ላይ እየተነሳ፣ ከሥር ወፍሮ ከላይ እየተበተነ፣ ፀሐይ ገብታበት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። እዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ሆኖ ሳየው ካሜራውን ራቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ዓይኔ ውስጥ የሚገባ መስሎኝ።

«አልቆመም» አልኩት። «ይሮጣል።»

«ይሮጣል?»

«ይሮጣል አልኩህ!»

«የማን ነው? የልጅቷ ነው?» አለኝ።

«ልጅቷ አሁን ለቡ ገብታ ማኪያቶዋን እየጠጣች ነው። የማን ይሆናል? የኛ ነው።»

ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በመዳፉ ከፊቱ ያለውን ክሩስኮት ደብድቦ ጮኸ፦ «ታዲያ እየሮጥን ነበራ በቄ!»

መድረሻው ላይ ስንደርስ ባነሩን አጣጥፈው መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። ጴጥሮስ በመስኮት ወጥቶ «ስንተኛ ወጣን?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ተያዩ። የእሾህ አጥር ቁራጭ ከኋላችን እየተጎተተ ነው። «ፋዘር፣ እናንተ በቃ... ደርሳችኋል» አለ ያ ልጅ። ጴጥሮስ ለሦስት ሳምንት ይህን እንደ ዋንጫ ሲያወራው ነበር።

ፎቶውን አስተልቆ አሳጠበና አረንጓዴዎቹን ሙሽሮች አውርዶ መስታወቱ መሃል ላይ ሰቀለው። ብቻውን። ሰው እያለፈ ይቆማል። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? መኪናው የታለ?» ይሉታል።

«ቀድሞሃል» ይላቸዋል።

ዓይኑም አላዘገየውም፤ ጨለመ። ያም ሆኖ ቤቱን አልዘጋም። በርጩማውን በር ላይ አውጥቶ ይቀመጥና፣ የሰው እግር ሲቆም ሲሰማ «ቀድሞሃል» ይላል፤ አንዳንዴ ሰውየው የቆመው ጫማውን ሊያስር ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ «ዛሬ ስንት ሰው ዋሸህ?» እለው ነበር። እስኪሞት እንዲህ ሆንን።

ከቀብሩ በኋላ ማርታ ቤቱን ለኮስሞቲክስ ነጋዴ አስረከበች። ያቺ ነጋዴ መስታወቱ ላይ የከንፈር ቀለም የምትቀባ ፈረንጅ ለጥፋለች። ፈረንጇ ቀና አላለችም፤ አገጯም ወጥቷል። ማርታ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። «አባዬ ለአንተ ይሁን ብሏል ጋሽ በቀለ» አለችኝ፤ ልጅቷ ዓይኗን እየጠረገች ስለነበር «የት ላደርገው ነው?» ማለቱን ተውኩት።

ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ምስማር መታሁ። ወርቄ ከጓዳ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ቆማ አየችው፣ ቀረብ ብላ አየችው፣ በቀሚሷ ጫፍ መስታወቱን ጠረግ አድርጋ ደግማ አየችው። አቧራው አልጠፋ አላት።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «እኔ አቧራ ስጠርግ እውላለሁ፣ አንተ አቧራ ትሰቅላለህ?»

መዶሻውን አስቀመጥኩ።

«ሰው የለበት፣ መኪና የለበት! ምኑ ነው የሚታየው?»

«አለንበት» አልኳት።